የተቃጠለ አምፖል ሲኒማ

ትዝታ የሚባል ነገር አልወድም። የድሮውን የሚያወድስ ሰው ስሰማ ጉልበቱን እያመመው እንደሆነ ይገባኛል። ፒያሳ የተከፈቱትን አዳዲስ ካፌዎች ግቡና እዩ። ለቆራሌው በሳፋና በብርጭቆ የለወጥነውን ዕቃ ሁሉ መልሰው ገዝተው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፤ ቴፕ፣ ቁጥሩ የሚሽከረከር ስልክ፣ የከሰል ካውያ። አንዱ ካፌ የቴሌቪዥን ሆድ ዕቃ አውጥቶ በባዶው ሣጥን ውስጥ ኬክ ደርድሯል። እኔ በልጅነቴ እዚያ ሣጥን ፊት ለመቀመጥ እግሬን ታጥቤ፣ ደግሜ ታጥቤ፣ ሳልገባ ተመልሻለሁ። ኬኩ እግሩን ሳይታጠብ ገብቶ ተቀምጧል።

ይህን ካልኩ በኋላ ስለ ልጅነት መጫወቻ መጻፌ ያሳፍራል። ግን ተገድጄ ነው። አንድ ሰው መጫወቻዬን ሊወስድብኝ ነበር፤ በስልሳ ሁለት ዓመቴ።

ሰፈራችን ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ጀርባ ነበር። «ነበር» የምለው ፈርሶ አበባ ስለተተከለበት ነው። በዚያ ሰፈር አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ነበር። ባለቤቷ ሴትዮ ዳንቴል አልብሳ፣ ባለ መዝጊያ ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ነው የምታስቀምጠው። አመሻሽ ላይ ስትከፍተው የሰፈሩ ልጅ በር ላይ ይሰለፋል፣ በጆግ ውሃ እግሩን ይታጠባል፣ እሷ በባትሪ እያበራች ትመረምራለች። እኔ ደግሞ ፒያሳ ጫማ የምጠርግ ሊስትሮ ነበርኩ። ቀለሙ እግሬ ድረስ ዘልቆ ገብቷል፣ በሳሙናም በአሸዋም አይለቅም። ሴትዮዋ ባትሪዋን እግሬ ላይ አብርታ፣

«አንተ ልጅ፣ ይሄ እግር ነው ጫማ?» አለችኝ።

«እግር ነው፣ እሜቴ።»

«ቢሆንም አውልቀህ ግባ።»

ከዚያ ወዲያ ቴሌቪዥን ያየሁት በመስኮት ነው። ያመለጠኝ ነገር ግን እምብዛም አልነበረም። ሴትዮዋ ጥቁርና ነጩን ባለ ቀለም ያደርጋል የተባለ ላስቲክ ገዝታ መስታወቱ ላይ ለጥፋ ነበር፤ ላዩ ሰማያዊ፣ መሀሉ ቀይ፣ ታቹ አረንጓዴ። ዜና አንባቢው ግንባሩ ሰማያዊ፣ አፍንጫው ቀይ፣ ከረባቱ አረንጓዴ ሆኖ ስለ እህል ምርት ያወራል። ሰፈሩም «ከለር ገባ» ብሎ አመነ። ዝሆን ታይቶ እግሩ አረንጓዴ ስለነበር፣ ሣር ሲበላ ውሎ ነው ተባለ።

እኔ በበኩሌ የራሴን ሲኒማ ከፈትኩ።

የአምፖል ሲኒማ የማያውቅ ካለ እንዲህ ነው። የተቃጠለ አምፖል ታመጣለህ። ቂጡን በሚስማር ቀስ ብለህ ፈልፍለህ የውስጡን ሽቦ ታወጣና ውሃ ትሞላዋለህ። ጨለማ ክፍል ትገባለህ፣ መስኮቱ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ትበሳለህ። ውጭ አንድ ሰው መስታወት ይዞ ፀሐይዋን ወደ ቀዳዳው ይልካል። ከቀዳዳው ፊት ቁራጭ ፊልም ትይዛለህ፣ ከፊልሙ ፊት አምፖሉን። ግድግዳው ላይ ነጠላ ከተሰቀለ፣ ሰውዬው ከነኮፍያው፣ ከነፈረሱ እዚያ ላይ ይወጣል። ምስሉ አይንቀሳቀስም። እኛ ግን ለመንቀሳቀሱ ብዙም ግድ አልነበረንም፤ አፍ ነበረኝ።

በየሰፈሩ ይህን የሚሠራ ልጅ ነበር። በኛ ሰፈር አምፖሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ፊልሙንም እኔ። ሊስትሮ ዕቃዬን ይዤ የምቀመጠው ከአንድ ሲኒማ ቤት ጀርባ ነበር፣ ፊልሙን የሚያዞረው ማሽነኛ የተበጠሰውን እየቆረጠ በመስኮት ሲጥል እለቅማለሁ። ጨለማው ክፍል የጓደኛዬ እናት ማድ ቤት ነው። መስታወቱም የእናቱ ነው። ጓደኛዬ እናቱን ስለሚፈራ መስታወቱን ለሌላ ሰው አያስነካም። ስለዚህ ውጭ ቆሞ ፀሐይዋን የሚልከው ሁልጊዜ እሱ ነው። እኔ ውስጥ ሆኜ ፊልም እለዋውጣለሁ፣ ታሪኩን አወራለሁ። ማለትም ልጁ ስንት ዓመት ሙሉ የገዛ እናቱ ማድ ቤት ውስጥ የሚታየውን ፊልም አንድ ቀን አላየም።

በፊልሙ ግርጌ ጽሑፍ አለ። የየትኛው አገር ፊደል እንደነበር ዛሬም አላውቅም። እኔ ያኔ ሀ እና ለን አልለይም፣ ቢሆንም አነብላቸው ነበር።

«ምን ይላል?» ይሉኛል።

«‹ዘወር በል አባትህን የገደልኩት እኔ ነኝ› ይላል።»

አንድ ጊዜ ሰውና ሴት ሊሳሳሙ ከንፈር ለከንፈር ደርሰው ታዩ። ምን ይላል ሲሉኝ ደንግጬ «‹እንደምን ዋልሽ፣ እማማ ደህና ናቸው?› ይላል» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ወንድ ልጅ ሴት ባየ ቁጥር በዚያ ሰላምታ ይጀምር ጀመር።

የመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ምስሉ ሁሉ ተገልብጦ ነበር የሚወጣው። እኛ የፊልሙ አገር እንደዚያ ነው ብለን ተቀበልነው። ተመልካቹ ጀርባውን ለነጠላው ሰጥቶ ይጎነበስና በእግሮቹ መሀል ያያል፤ ማድ ቤቱ በሙሉ ቂጥ ነው። አንድ ቀን ተሳስቼ ፊልሙን ዘቅዝቄ አስገባሁት። ጉድ ፈላ። ሁሉም ጎንበስ ብሎ እያየ ስለነበር ሰውዬው ተገለበጠባቸው። «አበላሸኸው፣ መልስ» ብለው ጮኹ። ቀና በሉ ብዬ ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ማታ ማታ ጓደኛዬ መስታወቱን ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ «ዛሬ ምን ነበር?» ይለኛል። እኔ ውስጥ ካወራሁት ሌላ ታሪክ እነግረዋለሁ። በማግስቱ ከልጆቹ ጋር ሲያወራ ወሬው አይገጥምም፣ ይሳቅበታል። ለምን እንዲህ አደርግ ነበር? ክፋት ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። ሰፈሩ ሲፈርስ በየኮንዶሚኒየሙ ተበታተንን። በዓመት አንድ እሁድ፣ ጥር ላይ፣ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከፍርስራሽ በተረፈች የእድር አዳራሽ እንገናኛለን። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። እኔ በአርባ አንድ ዓመቴ ማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት በእሳቸው እጅ ነው። ስሳሳት በጠመኔ አናቴን ይሉኝ ነበር፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኜ። የመስታወቱ ልጅ ደግሞ አድጎ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ሆነ፤ አሁን እሱም ጡረተኛ ነው። ከዚህ በኋላ ሹፌሩ እለዋለሁ።

ዘንድሮ እትዬ ስልክ ላይ ባለው የሰፈሩ ግሩፕ «የድሮ መጫወቻ የሠራችሁ ይዛችሁ ኑ» ብለው ጻፉ። አንዱ የሽቦ መኪና፣ አንዷ የጨርቅ አሻንጉሊት ቃል ገቡ። ከዚያ ሹፌሩ ጻፈ፦ «የአምፖሉን ሲኒማ እኔ አመጣለሁ። በሰፈራችን የጀመርኩት እኔ እንደሆንኩ የምታውቁ ታውቃላችሁ።» አውራ ጣት ዘነበለት። ምሳ እየበላሁ ነበር። ማንበብ ባልማር ኖሮ ያን ምሳ በሰላም እጨርሰው ነበር።

ሰው ሊገርመው ይችላል፣ ለአንድ አምፖል። ግን እዩት። የዚያ ሰፈር ልጅ ሁሉ የሚነገርለት ነገር አለው። አንዱ ኳስ ተጫዋች ነበር፣ አንዷ ሐኪም ሆነች፣ ሹፌሩ በዩኒፎርም የተነሳው ፎቶ አለው። የኔ ነገር ሲነሳ «አይ እሱ፣ ያ የሲኒማው» ነው የሚሉት። ሌላ የለኝም። እሱን ደግሞ ሹፌሩ አሳፍሮት ሊሄድ ነው።

መልስ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። «አንተ ውጭ ነበርክ። በመጀመሪያው ሳምንት ፊልሙ ምን ሆኖ ይታይ እንደነበር እስቲ ተናገር።»

«ጥሩ ሆኖ ነዋ» ብሎ መለሰ።

«አላየህማ።»

«ያላየሁት ለናንተ ፀሐይ እየላክሁ ነው። ካለኔ ምን ነበራችሁ? ጨለማና ወሬ።»

እትዬ ገቡበት። «እናንተ ልጆች፣ ተዉ። እሁድ ሥሩትና ይታይ። ማን እንደጀመረው ያየው ሰው ይፈርዳል።»

አምፖል ፍለጋ ወጣሁ። ለካስ አምፖል የሚባለው ነገር ከዓለም ጠፍቷል። አሁን የሚሸጠው ከላይ ላስቲክ ነው፣ ውስጡም አይታይም። ፒያሳ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብቼ ባለቤቱን ልጅ፣

«የተቃጠለ አምፖል አለህ?» አልኩት።

«ፋዘር፣ የሚሠራ ነው የምሸጠው።»

«የሚሠራማ ምን ያደርግልኛል።»

ልጁ ወደ ጓደኛው ዞር ብሎ «ይሄን ሰውዬ ሻይ ጋብዘው» አለ።

በመጨረሻ ያገኘሁት ያ ኬክ ያለበት ቴሌቪዥን ካፌ ውስጥ ነው። ጣሪያው ላይ ከገመድ የተንጠለጠለ፣ ሽቦው የሚታይ፣ ንጹሕ ብርጭቆ አምፖል። ከመሀላቸው አንዱ ጠፍቷል። አስተናጋጇን «ያ ተቃጥሏል» አልኳት።

«እንዴ፣ ኤሌክትሪሻኑ እርስዎ ነዎት? ጠዋት ነው የደወልነው።»

አዎ አላልኩም፣ አይም አላልኩም። ወንበር አቀረበችልኝ። ወጥቼ ፈታሁት፣ ማኪያቶም ጠጣሁ። «አዲሱንስ?» ስትለኝ «ይመጣል» ብያት ወጣሁ። ለድሮ ዕቃ ያላቸው ፍቅር የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ የሰው ዕቃ ሲሆን እኔም ወደድኩት።

ፊልሙን የሰጠኝ ድሮ ፒያሳ ስቱዲዮ የነበረው ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ነው። የሲኒማ ፊልም ከየት ይመጣል፣ ሲኒማውም ሽቦ አልባ ሆኗል። ሽማግሌው ግን የሰፈራችንን ኔጋቲቭ በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጧል። ወጣት ሳለን የሰፈራችን ኳስ ቡድን ዋንጫ የበላ ዕለት የተነሳውን፣ ብዙ ፎቶ ያለበትን ቁራጭ መርጬ ወሰድኩ። ወደ መስኮት አንስቼ አየሁት፤ የዝንብ ያህል ሰዎች፣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ሹፌሩ ያኔ በረኛ ነበር፤ እኔ ኳስ ተሸካሚ።

እሁድ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዳራሹ ሞላ። መስኮቱን በካርቶን ደፈንን፣ ቀዳዳ በሳን፣ ነጠላ ሰቀልን። እኔ አምፖሌን ይዤ ቦታዬን ስይዝ ሹፌሩ ከነከረባቱ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ውጣ እንጂ» አልኩት።

«የት?»

«ወደ መስታወትህ።»

«ወንድሜ፣ እኔ የድርሻዬን ቆሜያለሁ። ዛሬ ፊልም አያለሁ።»

ወጣቶች መስታወት ይዘው ወጡና ሞከሩ። ብርሃኑ ጣሪያ ላይ ይሮጣል፣ ወርዶ የእትዬን ዓይን ይመታል። አንዱ ፀሐይዋ ያለችበትን ጥሎ መስታወቱን ወደ ራሱ አዙሮ ፀጉሩን ያስተካክላል። እትዬ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንተ» አሉኝ። «ጀመርኩት ካልክ ሁሉንም ታውቀዋለህ። ውጣና ያዝ።»

«እትዬ፣ እኔኮ ውስጥ ነኝ።»

«ነበርክ። ውጣ።»

አምፖሉንና ፊልሙን ለሹፌሩ አስረክቤ ወጣሁ። መስታወት መያዝ ሚስማር የሚሠራው ሥራ ነው ብዬ ስንት ዓመት ኖሬአለሁ። እውነቱን ልናገር፦ ፀሐይ አትቆምም። ቀዳዳውን አገኘሁት ስትል ሸርተት ትላለች። ክንድህ ይዝላል፣ ዝንብ አፍንጫህ ላይ ያርፋል፣ መንገደኛ ቆሞ «አባባ፣ ምን እየፈለጉ ነው?» ይልሃል። የአዳራሹ ዘበኛ መጥቶ መስታወቱንም እኔንም መረመረ። «እትዬ ናቸው ያዘዙኝ» ስለው ያን ጊዜ ተወኝ።

እንደ ምንም ብርሃኑን ቀዳዳው ውስጥ ተከልኩ። ከውስጥ «ወጣ» አሉ። ወዲያው ሌላ ድምፅ፦ «ተገልብጧል።»

ደስታዬን መግለጽ አልችልም። ሹፌሩ ፊልሙን ቀጥ አድርጎ አስገብቶታል፣ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው እንደሚያስገባው። የሚጎነበሱ ሰዎች ወንበር ሲገፉ ሰማሁ። አንዱ «ወገቤ» ይላል፣ ሌላው «ያዘኝ፣ ልወድቅ ነው» ይላል። እትዬ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ አልጎነበስም፣ አስተካክለው» አሉ።

«ገልብጠህ አስገባው» ብዬ በቀዳዳው ጮኽኩ። «ማን እንደጀመረው ታየ።»

አስተካከለው። ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ሰው በሳቅ ሲያስል፣ ወንበር ሲደበድብ ይሰማል። ኔጋቲቭ ነዋ፤ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር ያደርጋል። ያ ሁሉ አፍሮ ፀጉር በረዶ መስሎ ነጭ ሆኗል። የሃያ ዓመት ወጣቶቹ ከነዋንጫቸው፣ ከነቁምጣቸው፣ ልክ ዛሬ ወንበር ላይ እንደተቀመጡት ሽበታሞች ሆነው ወጡ። «ያኔም ሽማግሌ ነበርን» ይላል አንዱ። «እኔ እንዲያውም አሁን ነው የጠቆርኩት» ይላል ሌላው። ይህን ሁሉ ሰማሁ እንጂ አላየሁም። አንድ ርምጃ ወደ መስኮቱ ብጠጋ ብርሃኑ ይጠፋል።

ሹፌሩ ማውራት ጀመረ። ድምፁ አውቶብስ ውስጥ ወደ ኋላ ጠጋ በሉ የሚልበት ድምፅ ነው።

«ይሄ መሀል ያለው እኔ ነኝ። ሁለት ፔናልቲ አድኜ ዋንጫውን ያመጣሁ ዕለት።»

«ውሸት ነው» አልኩ ከውጭ። «ሁለቱም ገብተውብሃል። አጥቂዎቹ ናቸው ያዳኑህ።»

«የመስታወቱ ሰውዬ ዝም ይበል» አለ ሹፌሩ፣ ሰውም ሳቀ።

መስታወቱን ወደ አጥሩ አዞርኩት።

ውስጥ ጨለመ። ፉጨት ተነሳ፣ ልክ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ፊልም ሲበጠስ እንደሚፎጨው፣ በጣትም በሁለት ጣትም። «ብርሃን» ይላሉ። እኔ ፀሐይዋን ይዣት ቆሜያለሁ። ስልሳ ሁለት ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለ ሥልጣን እጄ ገብቶ አያውቅም።

«መጀመሪያ ሲኒማው የማን እንደሆነ ይነገር» አልኩ።

ከዚያ ሹፌሩ «ግማሹ ያንተ ነው» አለ።

መስታወቱን ግማሹን በመዳፌ ሸፍኜ ላክሁላቸው። ውስጥ ድንግዝግዝ ሆነ መሰለኝ፣ ጩኸቱ ባሰ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ እትዬ።

«ግማሽ ነው፣ እትዬ።»

«አንተ ልጅ፣ እዚያው ፀሐይ ላይ ትቀራታለህ» አሉ፣ ግን ሳቃቸው ቃሉን በላው። ከዚያ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ያንተ ነው፣ ያንተ ነው» ማለት ጀመረ። የሹፌሩ ድምፅ ግን የለበትም። እኔ የምፈልገው ደግሞ የእሱን ነው። ጠበቅሁ። በመጨረሻ አፉን ቀዳዳው ላይ አስጠግቶ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጎ፣

«ያንተ ነው» አለኝ። «አሁን እጅህን አረጋጋ። ክርንህን ከጎንህ ጋር አጣብቀው፣ ትንፋሽህን ዋጥ አድርግ፣ ፀሐይዋን አትከተላት፣ ቀድመህ ጠብቃት።»

እንዳለኝ አደረግሁ። ብርሃኑ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ አልነቃነቅ አለ። መስታወቱ ይህን ያህል ሥራ እንዳለበት ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም።

ውስጥ እንደገና ሳቅ ተነሳ። እኔን የሚያስታውስ የለም። ሲኒማው የኔ ሆኗል፣ የማያየው ባለቤቱ ብቻ ነው። ትንሽ ቻልኩ፣ ከዚያ አልቻልኩም።

«ምን እየታየ ነው?» አልኩ።

«ሌላ ፎቶ ነው» አለኝ ሹፌሩ በቀዳዳው በኩል። «አንተም አለህ።»

«የቱ ጋ?»

«ጥግ ላይ። ዋንጫውን ስንስም ኳሱን ታቅፈህ ታለቅሳለህ።»

«አላለቀስኩም።»

«እኔ የማየውን ነው የምነግርህ።»

ውሸቱን ይሁን እውነቱን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ዘበኛው አጠገቤ ቆሞ እሱም ጆሮውን አቅንቷል።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አልኩት።